ሳታዩ አታዙልን፦ ሴቶችን ለምታክሙ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች፣ ለቆዳ ሐኪሞች፣ ለጠቅላላ ሐኪሞች፣ ለነርሶች፣ ለአዋላጆችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ሊከን ስክሌሮሰስ ስላለባቸው ሴቶች ምርመራና ሕክምና

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ሊከን ስክሌሮሰስ የሚባል የብልት ቆዳ ሕመም ይዞኝ ለዓመታት የኖርኩ ሴት ነኝ። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም፤ አደብ የሚያስገዛው ግን አለ። እሱም አዲስ ግኝት ሳይሆን የቆየና የተፈተነ፣ የምታውቁት አንድ ቅባት ነው። ብዕር ያስነሳኝ በሴቲቱና በዚህ ቅባት መካከል የሚገባው ነገር ነው። መጀመሪያ ቆዳዋን የሚያይላት ሰው ታጣለች፤ ቅባቱን ካገኘች በኋላ ደግሞ እንዳትቀባው የሚያስፈራራት አይጠፋም።

ሕመሙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሴቶችም ስለሚኖሩ ግን ጥቂት ልበል። ሊከን ስክሌሮሰስ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የቆዳ ብግነት ነው። የአባላዘር በሽታ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። የሰውነት መከላከያ በገዛ ቆዳው ላይ ሲነሳ የሚፈጠር ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል፤ ከታይሮይድ ሕመምና ከሌሎች መሰል በሽታዎች ጋር አብሮ መታየቱም ይህን ግምት ያጠናክራል። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ይይዛል። በብዛት የሚታየው ለአቅመ ሔዋን ባልደረሱ ልጆችና ባረጡ ሴቶች ላይ ነው፤ በመካከሉ ባለው ዕድሜ ያለን ግን ጥቂት አይደለንም። «ለዚህ በሽታ ገና ልጅ ነሽ» መባል የደረሰባቸው ሴቶች ይህን ያውቁታል።

ዋናው ምልክቱ ማሳከክ ነው። ማሳከክ ሲባል ለሰሚው ቀላል ነገር ይመስላል። የዚህኛው ማሳከክ ግን ሌሊት የሚብስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እጅን በእንቅልፍ ልብ ወደዚያው የሚወስድ ነው። ጠዋት የውስጥ ልብስ ላይ የደም ጠብታ ይገኛል። ቆዳው ስለሚሳሳ ይሰነጠቃል፤ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፤ መቀመጥ፣ መራመድ፣ ከባል ጋር መተኛት ሁሉ የሚታሰብበት ነገር ይሆናል። አንዳንዷ ላይ ደግሞ ምንም ሳያሳክክ፣ ምንም ሳያም፣ ድምፁን አጥፍቶ ቆዳውን ይለውጣል። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ የምታማርር ሴት ቢያንስ ሐኪም ፊት ትደርሳለች።

ደርሳስ ምን ያጋጥማታል? የእኔን ልንገራችሁ። «ያሳክክሻል?» «አዎ።» «ፈሳሽስ አለሽ?» «የለኝም።» ወረቀት ተጻፈ፤ የፈንገስ መድኃኒት። ሳይሻለኝ ስመለስ ሌላ የፈንገስ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ፣ ቀጥሎ «ለባለቤትሽም ይሁን» የተባለ። ያዘዙልኝ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ወረፋ ይጠብቃቸዋል፤ ያሳክከኛል የምትል ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ በእርግጥም ፈንገስ ነው ያለባት። ነገር ግን «እስቲ ተኚና ልይሽ» ያለኝ አልነበረም። የፈንገስ መድኃኒት ያልሠራላት ሴት ሳትታይ ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ሊጻፍላት አይገባም። ከዚህ ደብዳቤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ።

ለማየት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥሩ መብራትና የሚያውቅ ዓይን ይበቃል። ቆዳው ነጣ ብሎ እንደ ተጨማደደ ስስ ወረቀት ይሆናል። ንጣቱ ብልቱንና ፊንጢጣውን ዙሪያቸውን ሲይዝ የቁጥር 8 ቅርጽ ይሠራል። ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች፣ በቀጭኑ የተሰነጠቁ ቦታዎች ይታያሉ። ሕመሙ ከቆየ ትንንሾቹ የብልት ከንፈሮች እየሟሹ ከትልልቆቹ ጋር ይጣበቃሉ፤ የቂንጥር ሽፋን ቂንጥሩን ውጦ ይዘጋል፤ የብልቱ መግቢያ ይጠብባል። ለምጽ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ለምጽ ቀለሙን እንጂ የቆዳውን ልስላሴ አይለውጥም፤ እንዲህ አያሳክክም፤ አይሰነጠቅም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ንጣቱ ጎልቶ ስለሚወጣ ስህተቱ የበለጠ ይቀላል። ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከውጭ ባለው ቆዳ ላይ ነው፤ ወደ ውስጠኛው የብልት ክፍል እምብዛም አይገባም። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ሲደረግልን ግን የባለሙያው ዓይን ከውጭ ያለውን አልፎ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ገብቶ፣ ናሙናው ተወስዶ፣ «ሰላም ነሽ» ተብላ የምትሸኝ ሴት የውጭ ቆዳዋ ነጥቶና ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን ከማስገባታችሁ በፊት ጥቂት ሰከንድ ውጩን እዩልን። ከንፈሮቹን ገለጥ አድርጋችሁ፣ እስከ ፊንጢጣ ድረስ። ሌላ ቀጠሮም፣ ሌላ ክፍልም አይጠይቅም።

እናፍራለን፤ እውነት ነው። «ልይሽ» ስትሉን «ግዴለም፣ መድኃኒቱን ብቻ ጻፉልኝ» የምንል ብዙ ነን። ያን ጊዜ እሺ ብላችሁ ከመጻፍ ለምን ማየት እንደሚያስፈልግ ንገሩን። የምትመረምረን ሴት እንድትሆን የምንፈልግ ካለን ጠይቁን፤ በሩን ዝጉልን፤ መሸፈኛ ጨርቅ ስጡን። ምን እንደምታዩ እያያችሁ ብትነግሩን ደግሞ ፍርሃቱ ይቀላል። ዝም ብሎ የሚመረምር ሰው ፊት የምታስበው ነገር ሁሉ ከባድ ነው።

መልኩ ግልጽ ሲሆን ከቆዳው ናሙና መውሰድ ግድ አይደለም። ጥርጣሬ ሲኖር፣ ሕክምናው በአግባቡ ተሰጥቶ ለውጥ ሲጠፋ፣ ወይም የማይድን ቁስል፣ እብጠት ወይም የደነደነ ቦታ ሲታይ ግን ናሙናው መወሰድ አለበት። በማደንዘዣ ጥቂት ሚሊሜትር ቆዳ ነው የሚነሳው። ዘላቂ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ቆዳው ስለሚለወጥ ናሙናው አሳሳች ሊሆን ይችላልና፣ የሚወሰድ ከሆነ በፊት ይወሰድ።

አሁን ወደ ቅባቱ ልምጣ። ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ፣ በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት የስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርዱ) ቅባቶች አንዱ፣ የዚህ ሕመም የመጀመሪያ መድኃኒት ነው። ክሬሙ ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል ቅባቱ (ኦይንትመንቱ) ይመረጣል። በሰፊው የሚሠራበት አጀማመር እንዲህ ነው፦ ለ4 ሳምንት በየሌሊቱ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ለ4 ሳምንት አንድ ሌሊት እያለፉ፣ ቀጥሎ ለ4 ሳምንት በሳምንት ሁለቴ። ከዚያ በኋላ እንደ ሴቲቱ ሁኔታ የሚቀጥል ጥቂት መጠን ይወሰንላታል።

መጠኑን ሳትነግሩ አትስጡ። ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ተሰልፎ የሚወጣው ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ለአንድ ጊዜ ይህ ይበቃል። ሒሳቡ ደግሞ ልብ ያሳርፋል፦ 28 ሌሊት፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 8፣ በድምሩ 50 ጊዜ ነው። ግማሽ ግራም ሲባዛ በ50፣ 25 ግራም። ባለ 30 ግራሙ አንድ ቱቦ ለሦስት ወር በቅቶ ይተርፋል ማለት ነው። ሴቲቱ ከሦስት ወር በኋላ ቱቦውን ይዛ እንድትመጣ ንገሯት። ቱቦው ያልተነካ ከሆነ «መድኃኒቱ አልሠራልሽም» ብላችሁ ሌላ ከማዘዛችሁ በፊት ለምን እንዳልቀባችው ጠይቋት።

እኔ ባውቀው የማትቀባበት ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ ቦታውን አለማወቅ ነው። «በተጎዳው ቦታ ተቀቢ» የሚል ትእዛዝ ለእጅ ቆዳ ይሆናል፤ ዓይቶ ለማያውቀው ቦታ አይሆንም። በኋላ ያገኘኋት የቆዳ ሐኪም የምርመራ አልጋው ላይ እንዳለሁ ትንሽ መስታወት አስያዘችኝ፤ በጥጥ ዘንግ ጫፍ ነጩ የሚጀምርበትን፣ የተጣበቀውን፣ ጤነኛውን አንድ በአንድ እየነካች አሳየችኝ። ከዚያ ጣቴ ላይ ቅባቱን አውጥታ «እስቲ አንቺው ቀቢው» አለችኝ። ብዙ ደቂቃ አልወሰደባትም። በጨለማ ስዳብስ የኖርኩትን ያ ምርመራ አስተካከለው።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከእናንተው እጅ ነው። ፋርማሲ ስገባ ባለሙያዋ ማዘዣውን አይታ «ይሄ ለዚያ ቦታ አይሆንም» አለችኝ። እሽጉ ውስጥ ያለውን ወረቀት ገልጣም አሳየችኝ፤ በእርግጥም የብልት አካባቢን ያስጠነቅቃል። እሷ ሥራዋን ነው የሠራችው። ወረቀቱ የተጻፈው ለሁሉም በጥቅሉ ነው፤ ይህ ሕመም ያለባትን ሴት አስቦ አልተጻፈም። ሐኪሞች፣ ማዘዣው ላይ «ለሊከን ስክሌሮሰስ፣ ለብልት ቆዳ ታስቦ የታዘዘ» ብላችሁ ጻፉልን። ፋርማሲስቶች፣ ይህን ስታዩ «አይዞሽ፣ ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው ይኸው ነው» በሉን። ጥርጣሬ ካላችሁም ሐኪሙ ጋ ደውሉ እንጂ ሴቲቱን ባዶ እጇን አትመልሷት፤ ተመልሳ ለመምጣት የሚያስፈልጋትን ድፍረት አታውቁትም።

«ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል» የሚለው ስጋት ከየትም አልመጣም። ያለ ልክ፣ ያለ ክትትል፣ ያለ ቦታው ሲቀባ ያሳሳል። እዚህ ግን ቆዳውን የሚያሳሳውና የሚሰነጥቀው ሕመሙ ራሱ ነው። በሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ 507 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለእያንዳንዷ እንደ ሁኔታዋ የተመጠነ የስቴሮይድ ሕክምና ታዘዘ። ትእዛዙን ሳያቋርጡ ከተከተሉት 357 ሴቶች መካከል በብልታቸው ላይ ካንሰርም ሆነ ቅድመ ካንሰር የታየባት አንዲትም አልነበረችም። ሕክምናውን አንዴ እየያዙ አንዴ እየተዉ ከቆዩት 150 ሴቶች ግን 7ቱ ላይ ታየ። መጣበቅና ጠባሳ እየባሰ የሄደባቸው ከመጀመሪያዎቹ 3.4 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 40 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ በዕጣ የተመደቡበት ጥናት ስላልሆነ ልዩነቱን በሙሉ ለቅባቱ መስጠት አይቻል ይሆናል። ቢሆንም ለእኔ በየሳምንቱ ቱቦውን እንዳነሳ የሚያደርገኝ ይህ ነው፤ ለምታክሟት ሴት ሁሉ ቢነገር እወዳለሁ።

ምክንያቱም ችግሩ ማሳከኩ ሲቆም ይጀምራል። በሁለት በሦስት ሳምንት ማሳከኩ ይተዋል፤ ሴቲቱ «ተገላገልኩ» ብላ ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ቆዳው ግን ገና አልተመለሰም፤ ብግነቱ ከሥር አለ። «ሲያሳክክሽ ተቀቢ» ብላችሁ አትሸኙን፤ ሳያሳክክም የሚሠራ ሕመም ነው። የሟሸ ከንፈር አይመለስም፤ የተጣበቀው ብዙውን ጊዜ በቅባት አይላቀቅም። ሕክምናው የሚያድነው ገና ያልጠፋውን ነው፤ ዘግይታ የታወቀላት ሴት ያጣችው የማይተካ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ሌላው እንክብካቤ ቀላል ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ሳሙናና ሽታ ያለው ነገር ይቅር፤ በውኃና በማለስለሻ ቅባት መታጠብ ይበቃል። ሽንት ለሚያቃጥላት ሴት፣ ወይም ሽንት ለሚያመልጣት፣ ስስ ቫዝሊን ቆዳውን ይጋርደዋል። የሚያጣብቅ ልብስ አይመከርም። ክሎቤታሶል ለማይስማማት እንደ ታክሮሊመስ ያሉ ሁለተኛ አማራጮች አሉ። የወንድ ሆርሞን የያዘ ቅባት ለዓመታት ሲታዘዝ ኖሮ ከተራ ማለስለሻ እንደማይሻል ታውቋል። ሌዘር ደግሞ በየቦታው በብዙ ገንዘብ እየቀረበልን ነው፤ ቅባቱን ሊተካ እንደሚችል እስካሁን አልተረጋገጠምና በተስፋችን ላይ አትነግዱብን። ድሮ ብልቱን ቆርጦ ማውጣት እንደ ሕክምና ይቆጠር ነበር፤ ሕመሙ በጠባሳው ላይ፣ ተነቅሎ በተተከለ ቆዳ ላይ እንኳ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ዛሬ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ለካንሰርና ለቅድመ ካንሰር፣ እንዲሁም መጣበቁ ሽንትን ወይም ግንኙነትን ሲያውክ ነው። ለመጣበቁ ከሆነ ብግነቱ ከተገታ በኋላ ይሁን፤ ቅባቱም ከዚያ ወዲያ አይቋረጥ።

ስለ ግንኙነት እናንተው ጠይቁን። እኛ አናነሳውም። «ከባለቤትሽ ጋር ስትገናኙ ያምሻል? ይደማል?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ መልሱ ግን በር ዘግቶ መስማት ይፈልጋል። የጠበበው መግቢያ በእያንዳንዱ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ሰውነት ሕመሙን እየጠበቀ ጡንቻው አስቀድሞ ይኮማተራል። እሷ ትሸሻለች፤ እሱ የተጠላ ይመስለዋል፤ ወይም በሽታ ይዛ መጣች ብሎ ይጠረጥራል። በዚህ ጥርጣሬ የፈረሰ ትዳር አውቃለሁ። ባልየው ሊመጣ ፈቃደኛ ከሆነ አስጠሩትና «አይተላለፍም፤ ከአንተም ከእሷም ጥፋት የመጣ አይደለም» በሉት፤ ከእኛ አፍ ሲሰማው ከሚያምነው ይልቅ ከእናንተ ሲሰማው ያምናል። ለግንኙነት የሚሆን ማለስለሻ፣ የጠበበውን መግቢያ ማስፊያ፣ የዳሌ ወለል ጡንቻን የማዝናናት ሕክምና እንዳለም ንገሩን። ያረጠች ሴት ላይ ከሆርሞን ማነስ የሚመጣ ድርቀት አብሮ ሊኖር ስለሚችል በብልት ውስጥ የሚደረግ ኤስትሮጅን ሊረዳት ይችላል፤ ሊከን ስክሌሮሰሱን ግን አያክምም፤ አንዱ ለሌላው ምትክ አይሁን።

የልጆቹን ነገር ሳላነሳ ብዘጋ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ትንሽ ልጅ «ያሳክከኛል» ለማለት እንኳ ቃል የላትም፤ ስትራመድ እግሯን ታራርቃለች፣ ሽንቷን ትይዛለች፣ የፊንጢጣዋ ቆዳ ስለሚሰነጠቅ ዓይነ ምድሯን ፈርታ ትይዛለች፤ ለሆድ ድርቀት ብቻ ስትታከም ወራት ያልፋሉ። የቆዳዋ መድማትና መበለዝ ደግሞ የመደፈር ምልክት መስሎ ቤተሰብ ላይ መዓት የወረደበት ጊዜ አለ። ልጅን ከጥቃት የመጠበቅ ግዴታችሁን ተዉ አልላችሁም፤ ይህ ሕመም መኖሩም ጥቃት አለመድረሱን አያረጋግጥም። የምላችሁ፣ ያን ቆዳ የሚያውቅ ዓይን ሳያየው ፍርድ አይሰጥ ነው። ልጆችም የሚታከሙት በዚሁ ኃይለኛ ቅባት፣ በክትትል ነው። «ሲያድጉ ይተዋቸዋል» ተብሎ ይነገር ነበር፤ ብዙዎቹን ግን አይተዋቸውም፤ ምልክቱ ጠፍቶም ይቆያልና አድገውም ይታዩ።

ካንሰሩን በተመለከተ አታስፈራሩን፤ አትደብቁንም። ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች እንደሆነ፣ በአግባቡ መታከም እንደሚቀንሰው፣ የማይድን ቁስል፣ እብጠት ወይም የሻከረና የወፈረ ቦታ ካየን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመጣ ንገሩን። በየወሩ በመስታወት ራሳችንን ማየት አስተምሩን። ከጅማሬው በኋላ በሦስት ወር፣ ከዚያ በስድስት ወር፣ ሁሉ ሲረጋጋ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚያየን ሰው እንፈልጋለን። «ችግር ካለ ተመለሺ» ቀጠሮ አይደለም። ቀኑን ጻፉልን፤ የምንመለስበትን ክፍል ጻፉልን፤ የቆዳና የማህፀን ክፍሎች አንዳችሁ ወደ ሌላው ስትልኩን መሐል ላይ ቀርተን እንዳንጠፋ ማንኛችሁ እንደምትከታተሉን ካርዳችን ላይ በስም ይስፈር።

ከአክብሮት ጋር፣

ከሊከን ስክሌሮሰስ ጋር የምትኖር ሴት